የታኮማ ፓርኩ ሸክላ

ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሺንግተን አካባቢ፣ በሜሪላንድ ግዛት በታኮማ ፓርክ ያደገው ጊታር ደርዳሪው ጆን ፌሂ፣ በቤንዚን ማደያ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ የመጀመሪያ ሸክላውን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ሲያሳትም፣ ዕድሜው 20 ዓመት፣ የታተመውም ሸክላ 100 ብቻ ነበረ።

በዚያ ዘመን የብረት አውታር ያለው ጊታር ከሁሉ አስቀድሞ የዘፋኝ አጃቢ እንጂ ብቻውን በጉባኤ ፊት የሚቆም ልሳን ሆኖ እምብዛም አይታይም ነበር። ፌሂ ግን የዓይነ ስውሩን መዘምር የብላይንድ ዊሊ ጆንሰንን ሸክላ ሰምቶ፣ አስቀድሞ ሲንቀው የኖረው የጥቁሮች ዜማ ልቡን ሰብሮ ካስለቀሰው በኋላ፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የነበሩትን ቀደምት የብሉዝ ባለሙያዎች ከአሮጌ ሸክላዎቻቸው እያደመጠ የአደራደር ስልታቸውን ወረሰ፤ ይኸውም አውራ ጣት በወፍራሞቹ አውታሮች ላይ እየተመላለሰ ምቱን ሳያጓድል ሲጠብቅ፣ የቀሩት ጣቶች በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን የሚያወጡበት ስልት ነው። በዚህም ስልት ቃል የሌለበት ሙሉ ሸክላ ሠርቶ፣ ከሕዝብ የተወረሰውን «ጆን ሄንሪን»፣ የደብልዩ ሲ ሃንዲን «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ»፣ በክርስቶስ ምሥራቅም ምዕራብም እንደሌለ የሚናገረውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና የራሱን አዳዲስ ድርሰቶች ያለ አንዳች አጥር ጎን ለጎን አኖራቸው። እኔ የሸክላውን ታላቅነት የማየው በዚህ ነው፤ አዲሱ ድርሰት ከጥንታዊው ዜማ አጠገብ ተቀምጦ እንግዳ አልሆነምና።

በሸክላው መሸፈኛ በአንዱ ገጽ የራሱን ስም ሲጽፍ፣ በሌላው ገጽ ራሱ የፈጠረውን «ብላይንድ ጆ ዴዝ» የተባለ የዓይነ ስውር ዘፋኝ ስም አኖረ። ብዙዎች ይህን እንደ ወጣት ጨዋታ ያዩታል፤ ለእኔ ግን ከማን እንደተማረ መመስከሩ ነው። ሆኖም ውለታ የሚመለሰው ለፈጠራ ስም ሳይሆን ለሕያዋን ባለቤቶቹ ነውና፣ በዚያው በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ፌሂ ከባልንጀራው ከኤድ ዴንሰን ጋር ሆኖ ለአረጋዊው ብሉዝ ዘፋኝ ለቡካ ዋይት በሚሲሲፒ ወደምትገኘው አበርዲን፣ አድራሻውን እንኳ ሳያውቅ፣ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤውም ከአበርዲን ተዛውሮ ዋይት በሚኖርበት በሜምፊስ ደረሰው፤ ፌሂ የራሱን ሸክላ ለማውጣት ያቋቋመው ታኮማ የተባለው ማሳተሚያም ከዚያ በኋላ የሽማግሌውን ዘፈኖች አሳተመ።