የገጽ ሚዛን፤ ከብራና ጽሕፈት እስከ ንግድ ካታሎግ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሐሙሲት፣ ስሟ እንደሚያመለክተው፣ የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። በአገራችን ገበያዎች እህሉ በእህል ተራ፣ ከብቱ በከብት ተራ፣ በርበሬው በበርበሬ ተራ ይቀመጣል። ከሩቅ የመጣ ገዢ መሪ ሳይሻ የፈለገውን የሚያገኘው በዚህ ሥርዓት ነው። የንግድ ካታሎግም በወረቀት ላይ የተዘረጋ ገበያ ነው ማለት ይቻላል። ተራው ከተፋለሰ ገዢው ይደናገራል፤ ዋጋው ከዕቃው ከራቀ ደግሞ ሻጩን ይጠራጠራል። ስለሆነም የገጽ ሚዛን የጌጥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመታመንም ጉዳይ ነው።

ይህ ዕውቀት ከማተሚያ መኪና ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስለን ይሆናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ከፎገራ ሜዳ በስተምዕራብ፣ በጣና ደሴቶች ገዳማት ተጠብቀው የኖሩት የብራና መጻሕፍት ምስክሮች ናቸው። ቁም ጸሐፊው ብርዑን ቀለም ከመንከሩ በፊት ገጹን ይለካል። የብራናውን ዳር በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል፤ የዓምዱን ስፋትና የኅዳጉን መጠን ይወስናል። የግርጌውን ኅዳግ ከራስጌው ማስፋት የተለመደ ነው። በዚህም ጽሕፈቱ ወደ ታች የተንሸራተተ አይመስልም፤ መጽሐፉን የሚይዘው እጅም ፊደሉን አይነካም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አሰላለፉ እንደ ጽሑፉ ጠባይ የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። በመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ውስጥ መዝሙሩ በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ስንኝ ራሱን የቻለ መስመር ስለሆነ ሰፊ ቦታ ይፈልጋልና። ቃል ቢተርፍ በመስመሩ መጨረሻ ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል እንጂ የሚቀጥለውን ስንኝ ቦታ አይወስድም። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ የሚገኘው ውዳሴ ማርያም ግን በሁለት ዓምድ ይጻፋል።

ቁጥርን በሠንጠረዥ የመደርደር ጥበብም ጥንታዊ ነው። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች፣ ብራናቸው በካርቦን ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን እንደተዘጋጁ ታውቋል። በእነርሱ ውስጥ የአውሳብዮስ 10 ቀኖናዎች ሰፍረዋል። በአራቱ ወንጌላት የሚመሳሰሉት ክፍሎች ቁጥር ዐምዶችና ቅስቶች በተሣሉባቸው ገጾች ጎን ለጎን ተደርድሯል። ዓይን ከቁጥር ወደ ቁጥር ሳይስት ይሻገራል። የዛሬው የዋጋ ሠንጠረዥ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የግዕዝ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ተብሎ አይለይም። ስለዚህ ቁም ጸሐፊዎች ዋናውን ከዝርዝሩ የለዩት በቀይ ቀለም፣ በባዶ ቦታና የክፍሉን መጀመሪያ በሚያስጌጠው ሐረግ ነው። ሐረጉም በየገጹ አይበተንም፤ አዲስ ነገር መጀመሩን ሊያበስር ሲያስፈልግ ብቻ ይሣላል።

በአውሮፓ የንግድ ካታሎግ የተጀመረው ከኅትመት ጋር ነው። የቬኒሱ አሳታሚ አልዱስ ማኑቲዩስ እ.ኤ.አ. በ1498 15 የግሪክኛ መጻሕፍትን በየዓይነታቸው ከፍሎ ከነዋጋቸው በአንድ ቅጠል አሳተመ። በአሜሪካም የሞንትጎመሪ ዋርድ ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ1872 በአንድ ቅጠል ተጀመረ። የግዕዝ ፊደል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮማ ዮሐንስ ፖትከን ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት በማተሚያ ላይ ውሏል። በአገራችን ግን የኅትመት ሥራ የተስፋፋው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ነው። የፊደል ለቃሚው ድካም ቀላል አልነበረም፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ቅርፅ ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎችና አኃዞችም ይጨመራሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ግን ይህ ድካም በእጅጉ ቀሏል። ድካሙ ሲቀል ልኬቱ አብሮ እንዳይቀር መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ለላቲን ፊደል የተሰናዳ ገጽ ላይ አማርኛውን እንዲሁ መገልበጥ ፊደሉን ያጨናንቃል። የአማርኛ ፊደል ከላይም ከታችም ቅጥያ ስላለው በመስመሮች መካከል በቂ ክፍተት ይሻል፤ ቃሉም ረጅም ስለሆነ እጅግ የጠበበ ዓምድ ይሰባብረዋል። ስለሆነም ካታሎግ አዘጋጁ ሥዕል ከመምረጡ በፊት ኅዳጉንና ዓምዱን ይወስን፤ ለመግለጫ ሰፊ ዓምድ፣ ለዋጋ ጠባብ ሠንጠረዥ ይስጥ፤ ቀይ ቀለምን ለአርእስትና ለልዩ ማስታወቂያ ይቆጥብ። የፎገራን ሩዝ ወይም የሐሙሲትን ማር በወረቀት ላይ አይቶ የሚያዝ ገዢ ዕቃውን በእጁ አይዳስስም፤ በዓይኑ የሚያየው ገጹን ብቻ ነው። ገጹም ስለ ሻጩ እውነተኝነት መናገር የሚችለው እያንዳንዱ ነገር በተገቢው ቦታው ሲገኝ ነው።