‘አሜሪካን ጎድስ’፦ ንግሥተ ሳባን ጣዖት አድርጎ ያቀረበው ተከታታይ ድራማ በዲስክ

‘አሜሪካን ጎድስ’ ወይም ‘የአሜሪካ አማልክት’ የተሰኘው ምናባዊ ተከታታይ ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እአአ ኤፕሪል 30 ቀን 2017 ነበር። ያቀረበው ስታርዝ የተባለው የክፍያ ቴሌቪዥን ጣቢያ በወቅቱ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከዴንቨር በስተደቡብ በምትገኘው ኢንግልዉድ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስምንት ክፍሎች በዚያው ዓመት ኦክቶበር 17 በዲቪዲና በብሉሬይ ዲስክ ለገበያ ቀረቡ። ከድራማው ገጸ ባሕርያት አንዷ ለኢትዮጵያውያን ተመልካቾች እንግዳ አይደለችም። በድራማው ቢልቂስ ተብላ የምትጠራው ሴት ኢትዮጵያውያን ማክዳ፣ አዜብ ወይም ንግሥተ ሳባ የሚሏት ናት።

ድራማው የተመሠረተው እንግሊዛዊው ደራሲ ኒል ጌይማን በ2001 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ነው። ሼዶው ሙን የተባለ ሰው ከእስር ቤት እንደወጣ ሚስተር ዌንስዴይ የሚባል አዛውንት ጠባቂው አድርጎ ይቀጥረዋል። አዛውንቱ የጥንት ሰሜን አውሮፓውያን ያመልኩት የነበረው ኦዲን ነው። ታሪኩ የሚነሣው ከአንድ ቀላል ሐሳብ ነው፦ ወደ አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ሁሉ አማልክታቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ልጆቻቸው ሲረሷቸው ግን አማልክቱ ይራባሉ፣ ይደኸያሉ፣ በየሰፈሩ ተራ ሥራ እየሠሩ ይኖራሉ። ቦታቸውን የሚወስዱት ደግሞ ቴሌቪዥንና ቴክኖሎጂ የመሳሰሉት አዲስ አማልክት ናቸው። ሁለተኛው ክፍል የሚከፈተው በ1697 በባሪያ መርከብ ውስጥ ነው። በሰንሰለት የታሰሩት አፍሪካውያን አናንሲን ይጠሩታል፤ እርሱም መጥቶ ወደፊት የሚጠብቃቸውን መከራ በምሬት ይነግራቸዋል። በሦስቱም ምዕራፎች ይህን ያህል ኃይል ያለው ትዕይንት ማግኘት ያስቸግራል።

ቢልቂስን የምትጫወተው በናይጄሪያ ኢባዳን የተወለደችው ዬቲዴ ባዳኪ ናት። በልብ ወለዱ ቢልቂስ በሎስ አንጀለስ ገላዋን እየሸጠች የምትኖርና የምትገደል ሴት ናት፤ ድራማው ግን በሕይወት ያቆያታል፣ ታሪክም ይሰጣታል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል በጥንታዊት የመን በቤተ መቅደሷ ትመለክ እንደነበር፣ በ1979 ቴህራን ላይ አብዮቱ እንዳሳደዳት፣ አሜሪካ ገብታም ቤት አልባ እስከመሆን እንደደረሰች ይተርካል። በኋላም ቤተ መቅደሷ በአክራሪ ታጣቂዎች ሲፈርስ በቴሌቪዥን ትመለከታለች። ይህ የደራሲዎቹ ፈጠራ ነው። ሆኖም ማሪብ አጠገብ የሚገኘውና የአካባቢው ሰዎች ‘የቢልቂስ ዙፋን’ የሚሉት የባርአን ቤተ መቅደስ በእርግጥ ያለ ነው፤ ዩኔስኮ የጥንታዊውን የሳባ መንግሥት ቅርሶች በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

የክብረ ነገሥቷ ማክዳ ግን ሌላ ሰው ናት። መጽሐፉን በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ግእዝ የመለሱት የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በመጽሐፉ ንግሥቲቱ ታምሪን ከተባለው ነጋዴ ስለ ሰሎሞን ጥበብ ሰምታ ወደ ኢየሩሳሌም ትጓዛለች፣ ቅመም የበዛበት ግብዣ ተጋብዛ ውኃ በመጠጣቷ ከመሐላዋ ትወድቃለች፣ ምኒልክንም ትፀንሳለች። የአዲስ አበባ ሠዓሊያን ይህንኑ ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ትናንሽ ሥዕሎች ከፋፍለው በአንድ ሸራ ላይ ሲያቀርቡት ኖረዋል፤ ጎብኚዎች ጠቅልለው ወደየቤታቸው የሚወስዱት ‘ተከታታይ’ እርሱ ነበር ማለት ይቻላል።

በርካታ ሐበሻ ተመልካቾችን በቅድሚያ የሚያስደነግጠው የቢልቂስ ዕርቃን ነው። ምእመናንን ይዛ የምትውጥበት የመጀመሪያው ክፍል ትዕይንት ለልጆች ፈጽሞ አይሆንም፤ ድራማው በአሜሪካ ምደባ ከ17 ዓመት በታች ላሉ የማይመች ተብሏል። በፋሲካ ግብዣ ላይ ብዙ ኢየሱሶች የሚታዩበት ክፍልም አማኞችን ሊያስቀይም ይችላል። ዋናው ልዩነት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። በክብረ ነገሥት ማክዳ የፀሐይን አምልኮ ትታ የእስራኤልን አምላክ የምታመልክ፣ ጥበብን ፍለጋ አገር የምታቋርጥ ንግሥት ናት። በድራማው ግን ተመላኪዋ እርሷ ናት፤ ካልተመለከች ትሞታለች። አንዱ አዲስ አምላክ በስልክ መተግበሪያ አዳዲስ ምእመናን እንደሚያገኝላት ቃል ሲገባላትም በዕዳ ትያዛለች። ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወስዶ ከዮሩባ መንፈሶች ጋር ያዛምዳታል። ስለ አክሱም የሚነገር ነገር የለም።

የጣቢያው አድራሻ ሲታሰብ ይህ ዝምታ ትንሽ ያስገርማል። ድራማው በአብዛኛው የተቀረጸው በካናዳ ቶሮንቶ ቢሆንም፣ የስታርዝ ጎረቤት የሆነችው ዴንቨር ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እህት ከተማ ናት፤ በአክሱም ስም የተሰየመ መናፈሻም አላት። በአጠገቧ ባለችው ኦሮራ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ አማርኛም በከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በሚማሩ ልጆች ቤት ከሚነገሩ ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ወላጆች ይዘውት የመጡትን ልጆች ሲረሱት ምን ይሆናል የሚለው የድራማው ጥያቄ በእነዚህ ቤቶች ምናብ አይደለም።

ዲስኩን ማን ያገኘዋል?

የቪዲዮ ኪራይ ዘመን ያበቃውም በከፊል እዚያው ዴንቨር አካባቢ ነው። የኢንግልዉዱ ዲሽ ኔትወርክ ብሎክበስተርን በ2011 ከኪሳራ ጨረታ በ320 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ በራሱ በኩባንያው ይተዳደሩ የነበሩት ሱቆችም በ2014 መጀመሪያ ተዘጉ። ኔትፍሊክስ ዲስክ በፖስታ መላኩን በሴፕቴምበር 2023 አቆመ። በ2024 ደግሞ ዲስክ የሚያከራዩት የሬድቦክስ ቀይ ማሽኖች ባለቤት ከሰረ።

ያም ሆኖ ዲስክ ጥቅሙ አላለቀም። በኢንተርኔት ብቻ የሚቀርብ ሥራ ባለቤቱ በፈቀደ ጊዜ ይጠፋል። ዲዝኒ ፕላስ ‘ዊሎው’ የተባለውን ምናባዊ ድራማ በኖቬምበር 2022 ጀምሮ በሜይ 2023 ከገጹ አነሣው፤ በዲስክ አልወጣም ነበርና ተመልካች በሕጋዊ መንገድ የሚያገኝበት አማራጭ አልተተወለትም። ‘አሜሪካን ጎድስ’ም ሲጀመር በአሜሪካ በስታርዝ፣ ከአሜሪካ ውጭ ደግሞ በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ የቀረበ ነው። እንዲህ ያለ መብት በውል የሚቆም በመሆኑ ከዓመት ዓመት ሊለዋወጥ ይችላል፤ ዲስክ የያዘን ሰው ግን አያሳስበውም።

መግዛት የማይፈልግ ሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን መሞከር ይችላል። ከዴንቨር በስተሰሜን፣ ከ140 ሺህ በላይ ሕዝብ በሚኖርባት ቶርንተን፣ አኒቲንክ የተባለው የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በሁሮን ስትሪትና በራይት ፋርምስ ቅርንጫፎች አሉት። አገልግሎቱ ከመጻሕፍት ጋር ፊልሞችንም ያውሳል፤ ላዘገየ ሰው ቅጣት ማስከፈልም ከተወ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ዲስኩን ለዘመድ ለመላክ የሚያስብ ግን አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ፊልም አከፋፋዮች ዓለምን በክልል ከፋፍለዋታል። በአሜሪካና በካናዳ የሚሸጥ ዲቪዲ የክልል 1 ሲሆን ኢትዮጵያ የክልል 5 ናት፤ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ በክልል 2፣ አውስትራሊያ በክልል 4 ይመደባሉ። በብሉሬይ ምደባ አሜሪካ በ‘ኤ’፣ አፍሪካና አውሮፓ በ‘ቢ’ ሥር ናቸው። ስለዚህ ከዴንቨር የተላከ ዲስክ ለአንድ ክልል ብቻ በተቆለፈ የአዲስ አበባ ወይም የለንደን ማጫወቻ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ሁሉን ክልል የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልጋል። የአማርኛ ጽሑፍም ሆነ ድምፅ የለውም።

ስታርዝ ድራማውን የሰረዘው በማርች 2021፣ ከሦስት ምዕራፎችና ከ26 ክፍሎች በኋላ ነው። የመጨረሻው ክፍል ሼዶው ሙንን በዛፍ ላይ ታስሮ ይተወዋል፤ ዲስኮቹን የሚገዛ ሰው የሚገዛው መቋጫ የሌለው ታሪክ ነው። የቢልቂስም መጨረሻ አልተነገረም።