የንብ ጓሮ (እንጅባራ)

የንብ ጓሮ ለንብና ለሌሎች አበባ ቀሳሚ ነፍሳት ምግብ፣ ውኃና መጠለያ እንዲሆን ታስቦ የሚለማ ጓሮ ነው። የአዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ዝናባማ ደጋ ስለሆነች፣ እቅዱ የሚነሳው ከወራቱ ነው። በመስከረም አደይ አበባ ሜዳውን ይሞላዋል፤ ወደ ዳንግላ ዝቅ ሲባል ደግሞ ኑግ ይከተላል። ንቧ የምትራበው በበጋው ማብቂያና ዝናብ በማያባራባቸው የክረምት ሳምንታት ነው። ስለዚህ በአጥሩ ዙሪያ ግራዋ፣ ብሳናና ትሪሉሰርን፣ በመደቡ ላይ ጦስኝ ይተከላል፤ ከጎመኑም ጥቂቱ ሳይቀነጠስ እንዲያብብ ይተዋል። ችግኝ የሚተከለው ዝናቡ ሲጸና፣ በሐምሌ ነው።

ኑግ በራሱ ብናኝ በቅጡ አያፈራም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ይሻል። ማለዳ ማሳው ዳር የቆመ ሰው ንቧ በኋላ እግሮቿ ሁለት ቢጫ እንክብል ተሸክማ ከአበባ ወደ አበባ ስታልፍ ያያል። የዘይቱ ምርት በዚያች ጉዞ ላይ የቆመ ነው።

ማሯ ለመድኃኒትነት የሚፈለገው ጣዝማ አትናደፍም፤ ቤቷም ከመሬት በታች ነው። በብቸኝነት ከሚኖሩት ንቦችም ብዙዎቹ ጎጇቸውን ባልተቆፈረ አፈር ውስጥ ይሠራሉ። ጓሮውን ከጥግ እስከ ጥግ መቆፈር ትልቅ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ አንድ ደረቅ ጥግ ሳይነካ ይቆይ። ጠጠር የተደረደረበት ዝርግ የውኃ ሳህንም ይቀመጥ፤ ንቧ ጠጠሩ ላይ ቆማ ሳትሰጥም ትጠጣለች።

የተባይ መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነ፣ ያበበውን ተክል አይንኩ፤ የሚረጩትም ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ማታ ይሁን።