ቤትና አገር ቤት
በናይሮቢ የታየው የቀብር ክርክር

ባህልና ልማድ የሰውን ጠባይ እንዴት እንደሚቀርጽ በክፍል ስናስተምር ምሳሌያችንን ብዙውን ጊዜ ከገጠር እናመጣለን። በዚህም የተማረና ከተማ የገባ ሰው ከልማድ አምልጧል የሚል አሳብ ሳናውቀው በተማሪው አእምሮ እንተክላለን። በናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረደው የኤስ. ኤም. ኦቲየኖ የቀብር ጉዳይ ይህን አሳብ የሚያፈርስ ነው።

ሲልቫኖ ሜሊያ ኦቲየኖ በከተማው የታወቁ ጠበቃ፣ የሼክስፒርም ወዳጅ ነበሩ። ትውልዳቸው ከሉኦ ሕዝብ፣ ከኡሚራ ካገር ጎሣ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋምቡይ የኪኩዩ ተወላጅ ሲሆኑ በማው ማው ትግል ተካፍለዋል። ሁለቱ በ1963 የተጋቡት በመንግሥት ሕግ እንጂ በጎሣ ሥርዓት አልነበረም።

ጠበቃው ዲሴምበር 20 ቀን 1986 አረፉ። ወይዘሮ ዋምቡይ በናይሮቢ አቅራቢያ ማታሲያ በሚገኘው እርሻቸው ሊቀብሯቸው አሰቡ። ጎሣው ግን በሟቹ ወንድም በኩል፣ የሉኦ ልጅ የሚቀበረው በአባቱ ምድር፣ በምዕራብ ኬንያ በምትገኘው በኒያልጉንጋ ነው ሲል ተቃወመ።

ከክርክሩ ሁሉ እኛን የሳበን በቤትና በአገር ቤት መካከል የተደረገው ልዩነት ነው። የጎሣው ወገን እንዳስረዳው፣ ሉኦ በናይሮቢ ቪላ ቢሠራ ያ ማደሪያ ቤት ነው። «አገር ቤት» ግን በአባት ምድር በሥርዓት የሚመሠረት ነው፤ በገንዘብ አይገዛም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ «አገር ቤትህ የት ነው?» ሲባል የአባቱን ቀዬ የሚጠራበት አገር ልጆች ስለሆንን ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ምስክሮቹም የመንደር መናፍስት አስፈሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከመቃብር ቆፋሪው ጋር በአንድ ወገን የቆሙት የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር ሄንሪ ኦዴራ ኦሩካ ነበሩ። በወጉ ያልተቀበረ ሰው መንፈስ ዘመዶቹን ያውካል የሚለው እምነትም በችሎቱ ፊት በግልጽ ተነገረ።

የኬንያ ሕግ ለዚህ በር ከፍቶ ነበር። የ1967ቱ የዳኝነት ሕግ፣ ፍትሕንና ሞራልን እስካልተቃረነ ድረስ ፍርድ ቤቶች በልማዳዊ ሕግ እንዲመሩ ያዛል። የእኛ አገር ሕግ አውጪ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347፣ በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበሩትን ልማዳዊ ደንቦች ሽሯል። ሬሳ ወደ ትውልድ ቀዬ መውሰድ ግን በዚህ አልቀረም፤ ልማድ የሚጸናው በሐዘንተኛው፣ በዘመዱና በጎረቤቱ ዓይን ስለሆነ በአንቀጽ ብቻ አይሻርም።

ዳኛ ቦሲሬ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1987 ቀብሩ በኒያልጉንጋ እንዲሆን ወሰኑ፤ ይግባኝ ሰሚውም ሜይ 15 አጸናው። ሟቹ ሉኦ ሆነው ተወልደዋልና እስከ መጨረሻው ሉኦ ናቸው፣ የአባቱንም ጎሣ ማንም ሊተው አይችልም ተባለ። እኛ የምንጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ሲዳኝ ልማድ ይላላል፤ ለባል ወገን ይህን፣ ለሚስት ያን ሰጥቶ ያስታርቃል። በመዝገብ ሲጻፍ ግን ይደርቃል። የመበለቲቱ ድምፅ ከጎሣው ያነሰውም ልማዱ አርጅቶ ሳይሆን አዲስ ጉልበት ከችሎት አግኝቶ ነው።

ሬሳው ከ5 ወር በላይ በናይሮቢ ከቆየ በኋላ ሜይ 23 ቀን 1987 በኒያልጉንጋ ተቀበረ። ወይዘሮ ዋምቡይ በቀብሩ ላይ አልተገኙም።