እስክስታ በሃይፋ፤ የአንድ ወጣት የውዝዋዜ ቡድን ታሪክ

ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። ከጎንደር ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው አገር ከዚህ ወዲያ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ ቆላ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከአርማጭሆ፣ ከወልቃይት፣ ከደምቢያና ከሰሜን ተነሥተው ይህን ቆላ በእግራቸው አቋረጡ። በሱዳን መጠለያዎች በረኀብና በበሽታ ያለቀው ሕዝብ በሺህ የሚቆጠር ነው። ከተረፉት ውስጥ 8,000 ያህሉ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ጉዞ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ «የሰሎሞን ዘመቻ» ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎችን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ አጓጓዘ።

ንብረት በመንገድ ይቀራል፤ ጭፈራ ግን ከሰውነት ጋር ይጓዛል። የጎንደር እስክስታ ዋና ኃይሉ ከወገብ በላይ ነው። እግር መሬቱን ይዞ ይቆማል፤ ትከሻ፣ ደረትና አንገት ይናገራሉ፤ ትንፋሹ ራሱ ምት ይሆናል። በሠርግ ጊዜ ጨፋሪው በክብ ከቆመው ሕዝብ መካከል ይወጣል፤ ሕዝቡም በጭብጨባና በእልልታ ያግዘዋል። በዚያ ክብ ውስጥ ተመልካች ብቻ ሆኖ የሚቀር ሰው የለም። ቤተ እስራኤላውያን ከዚህ ሌላ በነጋሪትና በቃጭል የሚታጀብ የጸሎት እንቅስቃሴ ነበራቸው፤ የሰግድ በዓልም የዚሁ አምልኮ ክፍል ነው።

በአዲሱ አገር ያደጉት ልጆች ግን በሁለት ዓለም መካከል ቆሙ። ቤት ውስጥ የወላጆቻቸው ዜማ ነበረ፤ በትምህርት ቤትና በአደባባይ ግን ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ሙዚቃ ጠበቃቸው። የትከሻው ጭፈራ ከሠርግ አዳራሽ ባይወጣ ኖሮ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚያልፍ ትዝታ ሆኖ የመቅረቱ ሥጋት እውነተኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ «እስክስታ» የተባለ የውዝዋዜ ቡድን የተቋቋመው በዚህ ጊዜ ነው። መሥራቿ የውዝዋዜ ባለሙያና ተመራማሪ የሆነችው ሩት ኤሼል ስትሆን፣ አባላቱ ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ። ቡድኑ በእስራኤል ውስጥም ሆነ በውጭ አገር መድረኮች እየተዘዋወረ ሥራውን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ያችው አቀናባሪ በዚያው በሃይፋ «ቤታ» የተባለውን ቡድን መሠረተች።

የእነዚህ ቡድኖች ሥራ ከተለመደው የባህል ትርዒት ይለያል። የሠርግ ጭፈራን እንዳለ ቀድቶ ከማቅረብ ይልቅ የትከሻውን፣ የአንገቱንና የትንፋሹን እንቅስቃሴ እንደ ፊደል ወስዶ፣ በዘመናዊ የመድረክ ቅንብር አዲስ ነገር ይጽፍበታል። በዚህም እስክስታ የደስታ መግለጫ ብቻ ሳይሆን የጸሎት፣ የናፍቆትና የኀዘን ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል ታየ።

ይህ ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። መድረክ ክቡን ይሰብራል፤ ጨፋሪውን በአንድ ወገን፣ ሕዝቡን በሌላ ወገን ያቆማል። እልልታውና ጭብጨባው ከመሐል ተነሥተው በመጨረሻ የሚሰጥ ምስጋና ይሆናሉ። በአያቶች ዘንድ በዕለቱ ስሜት የሚረዝምና የሚያጥር የነበረው ጭፈራ በሰዓት ይለካል። አቀናባሪዋም ከባህሉ ውጭ የተወለደች መሆኗ፣ የጭፈራው ባለቤት ማነው የሚለውን ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ መልሱ ከወጣቶቹ አካል ላይ ይገኛል። ያቀረቡት እንቅስቃሴ ከእናትና ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ አዲሱ ነገር በአደባባይ ያለ ሀፍረት መታየቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ሰግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ሲደነግግ፣ ከጎንደር ተራሮች የሄደው ቅርስ በሕግም ስፍራ አገኘ። በመድረክ ላይ ያንን ስፍራ ቀድመው የያዙት ግን፣ በትከሻቸው የሚናገሩት ወጣቶች ነበሩ።