እህት ድርጅቶች ሂሳባቸውን እንዴት ያሳምራሉ?

እንበልና አንድ ባለሀብት ሁለት ኩባንያ አለው። አንዱ በዳንጉር ወረዳ፣ ከማንቡክ ወጣ ብሎ ሰሊጥ ያመርታል፤ ሌላው አዲስ አበባ ሆኖ ሰሊጡን ወደ ውጭ ይልካል። (ምሳሌ ነው፣ የማንም ስም እየተነሳ አይደለም።) በወረቀት ሁለት ናቸው፤ ንግድ ፈቃዳቸውም የሂሳብ መዝገባቸውም ለየብቻ ነው። ኪሱ ግን አንድ ነው።

እርሻው አንድ ኩንታል ለማምረት 8,000 ብር አወጣ፣ የገበያው ዋጋ ደግሞ 10,000 ብር ነው እንበል። 1,000 ኩንታል ለማያውቀው ነጋዴ ቢሸጥ 2 ሚሊዮን ብር ያተርፋል፤ የድርጅት የትርፍ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ 600,000 ብር ይከፍላል። ለእህት ኩባንያው ግን በ8,100 ብር ሸጠው። አሁን ትርፉ 100,000፣ ግብሩም 30,000 ብር ብቻ ሆነ። ቀሪው 1.9 ሚሊዮን ብር የትም አልጠፋም፤ አዲስ አበባ ባለው መዝገብ ላይ ቁጭ ብሏል። ይህ የማሸጋገሪያ ዋጋ ይባላል።

"ታዲያ እዚያስ ግብር ይከፈልበት የለ?" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ሁለቱ እኩል የሚከፍሉ ቢሆን። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 ለእርሻ የግብር እፎይታ ሰጥቶ ነበር፤ እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ላሉ ክልሎች ደግሞ እፎይታው ካለቀ በኋላ ለሦስት ዓመት የ30 በመቶ ቅናሽ ጨመረላቸው። ስለዚህ እፎይታው እስካለ ትርፉን ወደ እርሻው መሳብ ያዋጣል፣ ሲያልቅ ደግሞ ከእርሻው ማውጣት። ለዓመታት አትራፊ የነበረ እርሻ እፎይታው ባለቀ ማግስት ኪሳራ ማስመዝገብ ከጀመረ ዝናቡን ብቻ አትጠይቁ። ከድርጅቶች የትርፍ ግብር ክልሉም ድርሻ አለው።

ለሰሊጥ እንኳን ማመሳከሪያ አለ፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ላይ ይሸጣል፣ ዋጋውም ይታወቃል። አስቸጋሪው ገበያ የማያውቀው ነገር ነው፦ ከእህት ድርጅት የተከራዩት ትራክተር፣ "የማኔጅመንት ክፍያ" የሚሉት፣ የእርስ በርስ ብድር ወለድ። የእነዚህን ትክክለኛ ዋጋ ማን ይናገራል?

ብድር ሲፈለግ ደግሞ ጨዋታው ይገለበጣል። አንዱ ለሌላው ይሸጣል፣ ያኛው መልሶ ይሸጥለታል፤ ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ የሁለቱም ሽያጭ ያድጋል። ወይም ሰኔ 29 ላይ ከእህት ድርጅት ገንዘብ ገብቶ ሐምሌ 2 ላይ ይመለሳል። በጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ በዚያች ቀን ካዝናው ሙሉ ይመስላል።

ዕዳ በመደበቅ ስሙ የሚነሳው የአሜሪካው ኤንሮን ነው። ዕዳውንና ኪሳራውን ራሱ ባቋቋማቸው ሌሎች ድርጅቶች ስም አስቀምጦ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ለኪሳራ ተዳረገ። ኦዲት ያደርግለት የነበረው አርተር አንደርሰንም አልተረፈም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከዳንጉር ጎረቤት ጉባ ላይ ያለው የህዳሴ ግድብ ባለቤት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ድርጅቱ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከባድ ዕዳ ነበረበት፤ ባንኩም ተበዳሪውም የመንግሥት ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መንግሥት የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽንን አቋቁሞ የኤሌክትሪክ ኃይልን ጨምሮ የልማት ድርጅቶችን ዕዳ ወደዚያ አዛወረ። ይህ በአደባባይ፣ በደንብ የተደረገ ስለሆነ ማጭበርበር አይደለም። ግን የአንዱን መዝገብ ብቻ የሚያነብ ሰው ዕዳው የተከፈለ ሊመስለው ይችላል። ዕዳው ቤት ቀየረ እንጂ አልተከፈለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 አንቀጽ 79 ግንኙነት ያላቸው ወገኖች እንደማይተዋወቁ ሰዎች በገበያ ዋጋ ካልተገበያዩ ግብር ሰብሳቢው ሂሳቡን እንዲያስተካክል ሥልጣን ይሰጠዋል። በአዋጅ 847/2006 መሠረት ደግሞ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ተግባራዊ ሆኗል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። በደረጃው መሠረት እናት ኩባንያ የሚቆጣጠራቸውን ሁሉ አንድ ላይ አጠቃልሎ ያቀርባል፤ ሲጠቃለል የእርስ በርስ ሽያጩ ይሰረዛል፣ ያበጠው ይሟሽሻል። ክፍተቱ እናት ኩባንያ በሌለበት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ግለሰብ ወይም በቤተሰብ ስም ሲሆኑ የሚያጠቃልላቸው የለም።

አክሲዮን ልትገዙ ወይም በዱቤ ምርት ልታስረክቡ ከሆነ መጀመሪያ የትርፉን መስመር አትዩ። ከሪፖርቱ ኋላ ያለውን ማስታወሻ ክፈቱና "ተዛማጅ ወገኖች" የሚለውን ፈልጉ። ከማን ገዛ፣ ለማን ሸጠ፣ ማን ዕዳ አለበት የሚለው እዚያ መጻፍ አለበት። ባለቤቱ ሌላ ድርጅት እንዳለው እያወቃችሁ ያ ገጽ ባዶ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ኦዲተሩን በጽሑፍ ጠይቁ።