የአሮጌ መጽሐፍ ባለቤት ማነው?

ሮቤ በገበያ ቀኗ ከገብስና ከስንዴው፣ ከማርና ከቅቤው ሌላ ጥቂት አሮጌ መጻሕፍትም ታወጣለች። መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ፣ የሞስኮው ፕሮግሬስ አሳታሚ በአማርኛ ያወጣው የማርክሲዝም ትምህርትና ሽፋኑ የተገነጠለ ልቦለድ ጎን ለጎን ተኝተው ገዢ ይጠብቃሉ። ከባንክ ስወጣ ወደዚያ ጎራ ማለት ልማዴ ነው። ባለፈው ክረምት የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በዚያው ሸራ ላይ አገኘሁት። ቤቴ ገብቼ ስገልጠው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎች የሉም። በምትካቸው ግን አንድ ያልታወቀ አንባቢ የጎደለውን ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ገልብጦ፣ በመርፌና በክር ሰፍቶበታል። ስሙን አልጻፈም። ያን ሌሊት ከልቦለዱ ይልቅ ስለዚያ ሰው ሳስብ አመሸሁ።

ያ ሰው አውቆም ይሁን ሳያውቅ የጥንት ጸሐፍትን ሥራ ሠርቷል። በብራና ዘመን መጽሐፍ ማለት ቆዳ ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ወራት ተደክሞበት የሚያልቅ ውድ ንብረት ነበር። ስለዚህም ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ለደብር ይሰጣል። በባዶው ገጽ ላይ ያስጻፈው ወይም የገዛው ሰው ስም ይሰፍራል፤ ቀጥሎም የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ግዝት ይከተላል። ልብ በሉ! ግዝቱ ሌባውን ብቻ አይደለም የሚረግመው፤ ፋቂውንም ጭምር እንጂ። አዲስ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን የሚጽፍበት ጊዜ ነበርና፣ አባቶቻችን ይህን ከስርቆት ለይተው አላዩትም።

ስለ አሮጌ መጽሐፍ ገበያ ከተነሣ ደግሞ መቅደላን መዝለል አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሠዉ ስብስቡ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። ዝርፊያው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ በዚያም ለሁለት ቀናት ጨረታ ተካሄደ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ለሙዚየሙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ። ዐፄ ዮሐንስ ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1872 አንድ የ«ክብረ ነገሥት» ቅጂ ተመለሰ። የቀሩት ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው። በዚያ ሜዳ ገንዘብ ተከፍሏል፣ ሸቀጥም ተረክቧል፤ ነገር ግን ሻጩ ባለቤት አልነበረም። እኔ በሥራዬ በየዕለቱ ደረሰኝ እሰጣለሁ፤ ደረሰኝ ሁሉ ግን ባለቤትነትን እንደማያጸድቅ ደላንታ አስተማረችኝ።

የ«ኦሮማይ» ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ገና ሳይጠገብ መንግሥት ከገበያ አስነሣው። በዓሉ ግርማ ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣም ቀረ። ከመደብር የተነሣው መጽሐፍ ግን ከሰው እጅ አልተነሣም። በድብቅ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ እየተዋሰ ዘመኑን ተሻገረ፤ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ እስከ መታተም ደረሰ። መንግሥት የከለከለውን መጽሐፍ ያቆየው ተራ አንባቢ ነው።

ስፔናዊው ካርሎስ ሩይዝ ዛፎን እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው «የነፋስ ጥላ» በተሰኘ ልቦለዱ፣ ባርሴሎና ውስጥ የተረሱ መጻሕፍት የሚያርፉበት ምስጢራዊ መቃብር ፈጥሯል። ወደዚያ የገባ ሰው አንድ መጽሐፍ ይመርጣል፤ ያም መጽሐፍ እንዳይጠፋ ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቀዋል። ደራሲው ከምናቡ ያመጣውን ቤት የኛ አገር አንባቢ ያለ ጣሪያና ያለ በር አቁሞታል። የሮቤው ሸራ ዝናብ ሲመጣ ይጠቀለላል፤ በማግሥቱ ያልተሸጠው መጽሐፍ የቆሎ መጠቅለያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዚያ ሸራ መጽሐፍ የሚያነሣ ሰው ዕቃ ብቻ አይገዛም፤ አደራም ይቀበላል።

መጽሐፌን ለጥረዛ ጎባ ወስጄው ነበር። ጠራዡ አገላብጦ አየውና «እነዚህን የእጅ ጽሑፎች አውጥተን ከሙሉው ቅጂ ፎቶ ኮፒ እናስገባ፤ ያምርልሃል» አለኝ። ምክሩ ቅን ነበር፤ እኔም ለአፍታ አመነታሁ። ወዲያው ግን ያ የፋቂው ግዝት ትዝ አለኝ።

በባንካችን ያረጀ ብር ከዝውውር ይወጣል፤ ያረጀ መጽሐፍ ግን ዋጋው ገና እየጀመረ ነው። ጠራዡን «እንዳለ ጠርዝልኝ» አልሁት። ቤቴ ስደርስም ከሰማያዊው ጽሑፍ ግርጌ ስሜንና ቀኑን፣ ከነርሱም ቀጥሎ «ሮቤ» ብዬ ጻፍሁ። የሚቀጥለው ባለቤት እንዳይፍቀን አደራ!